ለፍሪሲዮን የተላኩ ሽማግሌዎች

አለምነሽ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ሮሽ ሃዓይን በምትባል የእስራኤል ከተማ ባለው የፋብሪካ ሰፈር ጋራዦቹ የብረት በራቸውን እያወረዱ ወደ ሰንበት ይጣደፋሉ። አንዱ ጋራዥ ብቻ ገና አልተዘጋም። እዚያም ከአንዲት ነጭ መኪና ሥር ሁለት ትልልቅ ቦት ጫማዎች ብቅ ብለዋል። የቀረው ሰው መኪናዋ ሥር ነው።

«ይቅርታ... የጋራዡ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለች ለጫማዎቹ።

«ጋራዡ የባንክ ነው። እኔ ስሜነህ ነኝ» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ።

«ምስጢር ይዤ ነው የመጣሁት። ቢወጡልኝ...»

ጫማዎቹ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሰውየው በጀርባው ተንሸራቶ ወጣ። ዕድሜው ሃምሳን የነካ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ግንባሩን ዘይት የቀባው ሰው ነው። እጁ ቆሻሻ ስለሆነ ክርኑን ዘረጋላት። እሷ ደግሞ ከድንጋጤዋ የተነሣ ክርኑን እንደ እጅ አጥብቃ ጨበጠችው።

ሁለቱም ክርኑን አዩት።

«ደህና ነው፣ እሱም ሰላም ይላል» አለ ስሜነህ እየሳቀ።

አለምነሽ ለቀቀችው። ፊቷ ጋለ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ፊቷ የሚግል አይመስላትም ነበር።

በፔታህ ቲክቫ ከተማ ራማት ቬርበር ሠፈር የምትኖር፣ እዚያው በአንድ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ባሏ በህመም ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ይኖን ይባላል። ይኖን ከጦር ሠራዊቱ እንደወጣ ሠርቶ ባጠራቀመው አንዲት ሰማያዊ መኪና ገዛ። ያገለገለች ናት፤ ግን ፈጣን ናት። ያ አልበቃ ብሎት የሞተሯን ጉልበት አስጨመረ። ደቡብ በረሃ ውስጥ ባለ የውድድር ሜዳ ሊነዳት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ራዲዮ ስለ መንገድ አደጋ ባወራ ቁጥር አለምነሽ ተነሥታ ትደውልለታለች። ቤተሰቧን የመኪና አደጋ ነክቶት አያውቅም። የእናት ፍርሃት ግን ምክንያት አይጠይቅም።

«አለምነሽ እባላለሁ። ልጄ ሐሙስ ይመጣል» አለች። «ይኖን ነው። ሰማያዊ መኪና ያለው።»

«አዎ፣ ደውሎልኛል። ሞተሯ በርትቶ ፍሪሲዮኗ አልችል ያላት።»

«እሱ ክላች ነው የሚላት።»

«ክላችም ፍሪሲዮንም ያው ነው። እኔ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ስለተማርኩ ፍሪሲዮን ካላልኩ እጄ አይሠራም። ታዲያ ምስጢሩ?»

አለምነሽ ግራ ቀኝ አየች። ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ስልክ ታወራለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ደካማውን ይግጠሙለት።»

«ምን አሉ?»

«ደካማውን። ለእሱ ግን ጠንካራውን ገጠምኩልህ ይበሉት።»

ስሜነህ እጁን በጨርቅ መጥረጉን አቆመ።

«ለምን?»

«ክላቹ ከደከመ ወዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። 'አይችልም ኢማ፣ ልጠንቀቅለት' ይላል። እኔ እንቅልፍ ያገኘሁት አሁን ነው! እርስዎ ጠንካራ ከገጠሙለት እንደ ጥይት ሊተኮስ አይደል? እባክዎ... አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

አልሳቀባትም። ወደ ጠረጴዛው ወስዶ ሦስት ካርቶን ከፈተ። ከእያንዳንዱ ውስጥ ክብ ብረት አወጣ።

«ይዩ» አለ። ሁለት እጁን አጨባበጠ። «ይህ ሞተሩ ነው፤ ይህ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው ነው። ፍሪሲዮን ማለት በመካከላቸው ያለው መጨባበጥ ነው። ሲረግጡት ይላቀቃሉ፤ ሲለቁት ይያያዛሉ። ይህ የመጀመሪያው ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ዓይነት ነው። ለዱሮው ጉልበቷ ይበቃ ነበር። ለአሁኑ አይበቃም፤ እጁ ይንሸራተታል። ይህ ሁለተኛው አጥብቆ ይይዛል፤ አያያዙ ግን ለስላሳ ነው።»

«ይህ እንደ አበባ የተቆራረጠውስ?»

«የውድድር ነው። ይናከሳል። ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ መካከል የሚባል አያውቅም።»

«እንደ አማቴ ነዋ» አለች ሳታስበው።

ስሜነህ ሳቁን ለቀቀው። ቢሮ ውስጥ ያለችው ልጅ እንኳ ስልኳን ትታ ዞር ብላ አየች። አለምነሽም ሳቀች። ከዚያ የመጣችበትን አስታወሰች።

«እንግዲያው የመጀመሪያውን ይገጥሙለታል?»

«አልገጥምም። ሳልነግረውማ በጭራሽ።»

«እናት የለዎትም?»

«ነበረችኝ። እሷም አትዋሽ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

አለምነሽ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ዕንባዋ መጣ። ጣቢያው ጋ ስትደርስ ደግሞ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። ዓርብ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ሌላ የለም። ቆማ ሳለች አሮጌ የዕቃ መኪና አጠገቧ ቆመ። ስሜነህ ነው፤ ፊቱን ታጥቧል።

«ይግቡ። ተጣልተንም ቢሆን አደርስዎታለሁ።»

መንገድ ላይ ማርሽ ሲቀይር አስተዋለችው። ጭንቅላቷ እንኳ አልተነቀነቀም። አንዱ ማርሽ የት አልቆ ሌላው የት እንደ ጀመረ አይታወቅም። እጁ ከባድ ነው፤ አያያዙ ግን ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው አያያዝ ነው።

«ቢሮ ያለችው ልጅዎ ናት?»

«ሃጋር። አዎ። እናቷና እኔ ድሮ ተለያየን። አሁን አለቃዬ እሷ ናት።»

በሯ ላይ ሲያወርዳት «ሻባት ሻሎም፣ አለምነሽ» ብሎ መልካም ሰንበት ተመኘላት። ከዚያ ቆም ብሎ፣ «አንቺ እንደምትፈሪው ያህል እኔም ለሰው ልጅ እፈራለሁ። ለዚህ ነው እንቢ ያልኩሽ» አለ።

አንቺ አላት። ደረጃውን የወጣችው ይህችኑ ቃል ይዛ ነው።

*

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ አጎቷ ቤት ሄደች። አቶ ቢያድግልኝ ሰማንያን ያለፉ፣ በሠፈሩ ስንት ጠብ ያበረዱ፣ ስንት ሰው ያጋቡ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ፍሪሲዮኑን፣ ደካማውን፣ የሰውየውን እንቢታ።

«ሰው ለእናት እንቢ ይላል» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ለሽማግሌ ግን እንቢ አይልም። ተይው፤ እሑድ ጠዋት እኛ እንሄዳለን።»

«ይኖን እንዳይሰማ፣ አባባ።»

«አንች ልጅ፣ ሽማግሌ ወሬኛ ነው እንዴ?»

እሑድ ከሥራ እንደወጣች ሮጣ መጣች። አጎቷ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ፊታቸው ላይ የማታውቀው ነገር አለ። የሳቅ ነው ወይስ የኀዘን አልለየችውም።

«እሺ አለ?» አለች።

«አለ። ቁጭ በይ። እኔና ጎረቤቴ ሀብቱ ወጣን። ሽማግሌ ሁለት አይሆንም፤ ሦስተኛ አጣን። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አንድ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጦ አገኘንና ተነሥ አልነው።»

«ማን ነው?»

«አላውቅም። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥያቄ አላበዛም። ገባን እልሻለሁ፤ ያች ሃጋር የምትባለው ልጁ ሦስት ሽማግሌ ተሰልፎ ሲገባ ስታይ 'አባ! ሽማግሌ መጣብህ!' ብላ ጮኸች። እሱ አየን፤ ወደ ጓዳ ሮጠ፤ ሲመለስ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጸጉሩን አርሶ...»

«ለምን?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ወንበር አመጡ። አንቀመጥም አልን። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ? ከዚያ የማን ልጅ ነህ አልኩት።»

«አባባ! ይህ ለፍሪሲዮን ምን ያደርጋል?»

«ሰው ዘሩ ሳይታወቅ ነገር ይጀመራል? በአባቱ ሰባት ቤት ቆጠርኩ፣ በእናቱ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ከእኛ ጋር አይገናኝም። ደግ ዘር ነው፤ አያቱን የማረሻ ብረት ሲሠራ ሀብቱ ያውቀዋል። ከዚያ ነገር ጀመርኩ። 'የመጣነው ስለ አለምነሽ ነው። ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ስሟ ያልተነሣ ሴት ናት። ስለ እሷ የምንለምንህ አለና እሺ በለን' አልኩት።»

አለምነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨዋ ሰው ሽማግሌን 'ነገሩ ምንድን ነው' ብሎ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ የሦስታችንንም ጉልበት ሳመ። 'እሺ አባቶቼ' አለ። 'ከልቤ እሺ። እኔ ነበርኩ መላክ የሚገባኝ፤ ከትናንት ወዲያ ያየኋትን ሴት እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ ብዬ ፈራሁ እንጂ... ካየኋት ወዲህ ሌላ ነገር አላስብም' አለ።»

አለምነሽ ወደ አጎቷ ተጠጋች።

«ከዚያስ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም 'ተባረክ ልጄ' አልኩት። 'እንግዲያው ደካማውን ፍሪሲዮን ግጠምለት' አልኩት።»

«ወይኔ!»

«እንደ ጨው ዓምድ ቆመ። ሃጋር ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውስጥ ሮጠች። ሀብቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያ የአውቶቡሱ ሰውዬ ደግሞ 'እኔስ ለሠርግ መስሎኝ ነው የመጣሁት' አለ።»

አለምነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትሳቅ ወይም ታልቅስ አጎቷ አልታያቸውም። እሷም አላወቀችውም።

«ምን አለ ኋላ?»

«ምን ይላል? ለሽማግሌ የተሰጠ እሺ አይመለስም። ቡና ብጤ አጠጣን፤ በመኪናው እስከ ቤታችን አደረሰን።» አጎቷ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «አለሙዬ፣ የፈለግሽውን አግኝተሻል። ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

*

በማግሥቱ አለምነሽ ከማረፊያ ቤቱ አንዲትን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ወደ አትክልቱ ወጣች። ስሜነህ በሩ ላይ ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ለሽማግሌዎቹ የቀየረው ሳይሆን አይቀርም።

ልቧ ዘለለ። እሱ ግን አያያትም፤ መሬት መሬት ያያል።

«ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡኝ» አለ።

እርስዎ አላት። ልቧ የዘለለውን ያህል ወረደ።

«ዛሬ ጠዋት አቶ ቢያድግልኝ ቤት ነበርኩ፤ እዚህ እንዳሉም ከእሳቸው ሰማሁ። ቃሌን መለስኩላቸው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደካማውን አልገጥምም። ሽማግሌን እሺ ብሎ መመለስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ከዛሬ ወዲያ በሠፈሩ ምን እንደምባል አውቃለሁ። ግን ልጅዎን አልዋሸውም። ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው።»

«ስለዚህ ልጄ ይሙት ነው የሚሉኝ!»

«እንዲኖር ነው ያልኩት።» ድምፁ አልከረረም። «ያን ሌላውን እሺ ደግሞ... ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቁኝ የመለስኩት ነው። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው እጅ አይጠይቅም። እንዳልሰሙት ይቁጠሩት።»

አለምነሽ የወንበሩን እጀታ ጨበጠች። ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር። የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ሁለቱንም እሺ ይዘው ይሂዱ!»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ያለችው አሮጊት እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

«ባልሽ ነው?» አለቻት።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እንደ ባልሽ ተቆጣሽው?»

*

ሐሙስ የአለምነሽ የእረፍት ቀን ነበር። ይኖን መኪናውን ወደ ጋራዥ ሊወስድ ሲል «እኔም እሄዳለሁ» አለችው።

«ሙሳክ ምን ትሠሪያለሽ፣ ኢማ?»

«ዝም ብዬ እሄዳለሁ።»

በኤም ሃሞሻቮት ረጃጅም ሕንፃዎች በኩል አልፈው ወደ አውራ ጎዳናው መግቢያ ደረሱ። ይኖን ቆመ። ከግራ በኩል አንድ ትልቅ የአሸዋ መኪና እየመጣ ነው፤ ገና ሩቅ ነው። ይኖን አልገባም። ጠበቀ። የአሸዋው መኪና መስታወታቸውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ከኋላቸው ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋባቸው።

«ጎሽ የእኔ ልጅ!» አለች አለምነሽ። «እንዲህ ነው መታገሥ።»

«ምን መታገሥ፣ ኢማ? ክላቹ ስለማይዝ ነው። አሁን ቤንዚን ብሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈናጠርም። እዚያው መካከል እቀር ነበር።»

«ቢቀየርስ?»

«ቢቀየርማ በፊቱ እገባ ነበር። ሰፊ ቦታ ነበረኝ እኮ።»

አለምነሽ የአሸዋው መኪና ወደ ሄደበት አየች። ጎማዎቹ ከወገቧ ይበልጣሉ።

«ይኖን... ጠንካራ ገጠምን ብለውህ ደካማ ቢሆንስ? አንተም ሳታውቅ?»

«ምን? ማን እንዲህ ያደርጋል? ይህማ ሰው መግደል ነው።»

ቀላል አድርጎ ነው ያለው። መንገዱን እያየ፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ። እሷ ግን ወደ እሱ ዞረች። ለካ ልጇን ሲጠብቀው የከረመው የክላቹ ድካም አልነበረም፤ ድካሙን ማወቁ ነው። እሷ ያንን ማወቅ ልትወስድበት ነበር። ሦስት ሽማግሌ ልካ፣ ጉልበት አስይዛ፣ በገዛ እጇ ልጇን በዚያ መኪና ፊት ልታስገባው ነበር!

ያ ሰው ደግሞ ይህን እያወቀ ሽማግሌ ፊት ተዋረደ። እሷንም አጣ። አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር።

«አቁም» አለች።

«እዚህ?»

«ነዳጅ ማደያው ጋ አቁም። የምነግርህ አለኝ።»

ነገረችው። ሁሉንም፣ አንድም ሳታስቀር። ይኖን እጁን ከመሪው አውርዶ ሰማት።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ላድንህ ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ፣ ኢማ።» እጇን ያዘ። «ግን ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። ስትፈሪ ለእኔ ንገሪኝ። በሰደር?»

«በሰደር፣ እሺ።»

ከዚያ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

«ለክላች... ሽማግሌ ላክሽ?»

«ሦስት።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እስኪያነባ ሳቀ። ጥሩምባው በግንባሩ ተጭኖ ጮኸ፤ የማደያው ሠራተኛ ወጥቶ አያቸው። አለምነሽ ትከሻውን መታችው፤ እሷም ሳቀች። በድንገት ቀና አለ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሰውየው እሺ አለ አልሽኝ። ምን መስሎት ነው እሺ ያለው?»

አለምነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ኢማ?»

«ንዳ፤ ይመሽብናል።»

«ኢማ! ገና ጠዋት ነው!»

*

ስሜነህ ሲገቡ አያቸው። ለይኖን እጁን ዘረጋ፤ ለአለምነሽ በአክብሮት ጎንበስ አለ። ሃጋር ቢሮዋ ውስጥ ተነሥታ ቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይኖን» አለ ስሜነህ። «ስለ መኪናህ የሆነ ነገር አለ። ማወቅ አለብህ።»

«ነግራኛለች» አለ ይኖን።

ስሜነህ አለምነሽን አያት። ከዓርብ ወዲህ ቀጥ ብሎ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሦስቱ ብረቶች ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ይኖን ወዲያው እንደ አበባ የተቆራረጠውን አነሣ።

«ይህ ነው የእኔ።»

«ና» አለው ስሜነህ። ያው ዓይነት የተገጠመለት የደንበኛ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። «ግባ። አስነሣና በቀስታ ልቀቃት።»

ይኖን በቀስታ ለቀቃት። መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። እንደገና አስነሣ። እንደገና ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። በሦስተኛው ሙከራ እግሩ ዛለ።

«ሜዳ ላይ ብቻ የምትነዳት ቢሆን እሱን እገጥምልህ ነበር» አለ ስሜነህ። «ግን ጠዋት ወደ ሥራ ትሄድባታለህ። የመኪና ሰልፍ ውስጥ ትቆማለህ። እናትህን ትጭናለህ። እያንዳንዷ መብራት ላይ ከፍሪሲዮንህ ጋር ልትጣላ ነው?»

«ያላ፣ ገባኝ» አለ ይኖን እየወረደ። ወደ እናቱ ዞረ። «ኢማ፣ አንቺ ምረጪ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ፊት ለፊቴ።»

አለምነሽ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። የመጀመሪያውን ነካ አድርጋ ተወችው። ሁለተኛውን በሁለት እጇ አነሣችው። ከመሰላት በላይ ከባድ ነው፤ ብርዱ መዳፏ ውስጥ ገባ።

«ይህ ጉልበቷን ይችላል?»

«ይችላል። ይተርፈዋል» አለ ስሜነህ።

«እንግዲያው እሱ ይሁን። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል አንድ በአንድ ነግረው ይግጠሙለት።»

ይኖን ሳማትና «ውኃ ጠማኝ» ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ። ውኃ አልጠጣም። ከሃጋር ጋር ከመስታወቱ ኋላ ተሰልፈው ቆሙ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ተሳስቼ ነበር» አለች።

«እናት ነሽ።»

አንቺ! አለምነሽ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ለሽማግሌዎቹ ያልከውን እሺ...»

«መልሻለሁ እኮ። አቶ ቢያድግልኝ ይቅር ብለውኛል፤ ግማሽ ቀን ተቆጥተው።»

«የመለስከው የፍሪሲዮኑን ነው። የሌላውን ሲመልስ አልሰማሁም አሉኝ።»

ስሜነህ ጨርቁን አጠፈ። ዘረጋው። እንደገና አጠፈው።

«የሌላውን... መመለስ አቃተኝ» አለ። «አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለ። ለአንቺም እንዳልሰማሽው ቁጠሪው አልኩሽ እንጂ፣ ተውኩት አላልኩም። ታዲያ አሁን የማንን ሽማግሌ ልላክ? በሠፈሩ ፊት አፍሬያለሁ።»

«ማንንም አትላክ። ዘሩ ተቆጥሯል። እኔም እዚሁ ቆሜያለሁ።»

«ምን እንድል ነው?»

«ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። በጣም ዝግ ብሎ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁለቱ አልሰሙም። ሃጋር ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«እሺ» አለች አለምነሽ።

እጁ አሁንም ዘይት ነበረው። ክርኑን ሊዘረጋላት ሲል እጁን ያዘችው፤ ከነዘይቱ።

«ቤሻዓ ቶቫ!» ብላ ሃጋር በመስኮቱ ጮኸች። በመልካም ሰዓት ማለቷ ነው። ይኖን ደግሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይስቃል።

*

ከበዓለ ሰዊት፣ ከእሸቱ በዓል በኋላ ተጋቡ። ሠርጉ ትንሽ ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ሲመርቁ «እኔ ለፍሪሲዮን ተልኬ ያጋባሁ ሽማግሌ ነኝ» ብለው እንግዳውን አሳቁት።

ይኖን ወደ በረሃው ሜዳ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አለምነሽ ሄዳ ለማየት አልደፈረችም። ስሜነህ «አብሬሽ እቀራለሁ፤ አጽናናሻለሁ» ብሎ ቤት ቀረ።

ጠዋቱን ሙሉ ግን አንድ ቦታ አልተቀመጠም። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን።

«ዘይቱን አይቼለታለሁ» ይላል ለራሱ። «ፍሬኑን አይቼለታለሁ። ጎማውን... ጎማውን አየሁ ይሆን?»

«ሁለት ጊዜ አይተኸዋል። ቁጭ በል።»

«የእኔ እጅ ነው የሠራት፣ አለምነሽ። ሌላ ሰው ሲነዳት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

«ሌላ ሰው ልጅህ አልነበረማ።»

ቆም ብሎ አያት። ከዚያ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች። የእሷም ፍርሃት የትም አልሄደም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጠገቧ የሚካፈላት ሰው አለ።

ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም እኩል ተነሡ። «ኢማ፣ ጨረስኩ፤ ደህና ነኝ!» አለ ይኖን።